አስራ ስድስት ጊዜ የሚያነብ ማሽን

ባለፈው ቅዳሜ ከቤቴ ማዶ ያለችው ቁርስ ቤት ጎራ አልኩና፣ አስተናጋጇ አጠገቤ ቆማ ሰላጣ ላይ አቼቶ ስታፈስ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ያነሳሁትን ሹካ መልሼ አስቀመጥኩት። "ምነው ጋሼ፣ ተበላሽቷል እንዴ?" አለች ልጅቷ ደንገጥ ብላ። "ኧረ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ" አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት? ለእሷ አቼቶ የሰላጣ ነው፤ ለእኔ ያረጀ ፊልም ነው። ብዙ ዘመን በቆርቆሮ ታፍኖ የኖረ ኔጋቲቭ ክዳኑ ሲከፈት ልክ እንደዚያ ይሸታል፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይይዛል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ሽታ ጠዋት ማታ ስምግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ከሰላጣው አንድ ሁለቴ ጎረስኩና ወጥቼ፣ ዝም ብዬ እዚህ አምቦ መሀል እስካለው ሁሉቃ ድልድይ ድረስ ሄድኩ።

ፎቶ ቤቴ የነበረው እዚያ ነው፤ ድልድዩን ሲሻገሩ፣ ድሮ ባለ ጋሪዎች ተሰልፈው ሰው የሚጠብቁበት ጥግ ላይ። ዛሬ በጋሪው ቦታ ባጃጅ ቆሟል፣ በእኔ ቦታ የልብስ መደብር ገብቷል። ያኔ ጉርድ ፎቶ አራቱ ፍሬ በሁለት ብር ነበር፤ በዚያ ብር ዛሬ ማስቲካ እንኳ አይገኝም። ከጎኔ የነበረው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ከጠዋት ጀምሮ ትዝታ ያንቆረቁር ነበር፤ የገበያ ቀን ሲሆን ሰው ከእጃጂ በአውቶብስ፣ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይመጣ ነበር። የጎጆዎቹን ገና ከበር ነበር የማውቃቸው። ጉንጫቸውን ብርድ አድርቆት፣ "ጋቢውን ለፎቶ አውልቁት" ሲሏቸው እንደ ስድብ ነበር የሚያዩት። ማውለቅ ግን ግድ ነው፤ ምክንያቱም ኮት አለ። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነበረኝ፤ ትከሻው ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ከመርካቶ ስገዛው ሻጩ ራሱ የሳቀብኝ። ቀጭን ሰው ሲመጣ ከጀርባው ሰብስቤ በልብስ መቆንጠጫ አስይዘዋለሁ። ከፊት ሲታይ ሚኒስትር ነው፤ ከኋላ ሲታይ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ። አፍሮውን አበጥሮ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰው መምህር፣ የኮንጎ ጫማ ያደረገው ገበሬ፣ ለመታወቂያ የመጣው የወረዳ ጸሐፊ፣ ሁሉም እዚያ ኮት ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ሰው ፎቶውን ይወስዳል፤ ፊልሙ ግን እኔ ዘንድ ይቀራል። የሙያው ደንብ ነበር። አንድ ቀን ሰውዬው ሲሞት ቤተሰቡ ለለቅሶ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ፍለጋ መምጣቱ አይቀርማ። ባለቤቴ አልጋነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፊልሞቹን በብስኩት ቆርቆሮ እየከተተች ከአልጋችን ስር እስከ ጣራው ድረስ ትደረድራቸው ነበር።

ከዚያማ ዲጂታል መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነ። የፊልሜን ጥቅልል የምልክለት፣ አዲስ አበባ ፒያሳ የነበረው የፊልም ማጠቢያ ላብም ተዘጋ፤ ባለቤቱም ብዙ ሳይቆይ አረፈ። ሚስቱ ወይዘሮ ሂሩት አንድ ቀን ደወሉልኝ። "ጋሽ ሽፈራው፣ ያ የፊልም ስካነር አለ አይደል፣ የሚፈልገው ሰው ጠፋ። ለቁራሌ ከምሰጠው አንተ ብትወስደው ነፍሱ ደስ ይላታል" አሉኝ። እግዚኦ! ያንን ማሽን ለቁራሌ! ድሮ እዚያ ላብ ስገባ ሰው አጠገቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ እኔም ኮፍያዬን አውልቄ አልፈው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በማግስቱ ሄጄ ከነኮምፒውተሩ ተረከብኩ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባሱ ጣራ ላይ አሳሰርኩ፤ ማሽኑን ግን ለማንም አላምንም ብዬ ጉልበቴ ላይ ታቀፍኩት። ከብረት የተሠራ ነገር ነው፣ ይከብዳል። ሆለታ ስንደርስ እግሬ ደነዘዘ፣ ጊንጪ ስንደርስ እግር እንዳለኝም ረሳሁ። ረዳቱ "ፋዘር፣ ይሄ ሕፃን ወንበር ይከፈልለት" ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። የሁለት ሰው ከፍዬ ገባሁ።

ለመሆኑ ስካነር ምን ያደርጋል? ኔጋቲቩን ይውጥና በመብራት እያሳለፈ ያነበዋል፤ ያነበበውን ኮምፒውተሩ ላይ ምስል አድርጎ ያወጣዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ አመሉ ግን ሌላ ነው። ኬብሉ የአህያ ጅራት የሚያክል፣ ጫፍና ጫፉ በብሎን የሚታሰር ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ይበራል፤ ጉርርር ጠቅ ጠቅ እያለ ጉሮሮውን ጠርጎ እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ኮምፒውተሩ የሚበራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ተራ ከሳቱ፣ ማሽኑ እዚያው አጠገቡ እያጉረመረመ ሶፍትዌሩ "መሣሪያ አልተገኘም" ብሎ ድርቅ ይላል። ጎረቤቴ ኦቦ ቶላ ይህን ሲያይ "እነዚህስ አማትና ምራት ናቸው፣ ማን ቀድሞ ደህና አደርሽ ይበል ተባብለው ነው የተኳረፉት" አለኝ። ኦቦ ቶላ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነበር፤ ግማሽ አምቦን መርፌ ወግቷል፣ ግማሹን ቁስል አጥቧል። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ እኔ ስጾም እያየኝ ይበላል፣ እሱ ሲጸልይ እየሰማሁት ሬዲዮ እከፍታለሁ። ከአልጋነሽ ሞት ወዲህ ጠዋት "አካም ቡልቴ፣ ሽፌ?" ብሎ እንዴት እንዳደርኩ የሚጠይቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜማ ጉድ ሠራን። ሶፍትዌሩ አቧራ ማጥፊያ የሚባል ነገር አለው፤ ከለር ፊልም ላይ ሲጫኑት ጭረቱንም አቧራውንም ጥርግ አድርጎ ያወጣዋል። እኔም ወደድኩት፤ "የጎጆ ሙሽሮች" ተብሎ የተጻፈበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይም ተጫንኩት። ምስሉ ሲወጣ ሙሽሪት ጥርስ የላትም። ነጠላዋም ጥለቱ ተበልቷል፣ የዓይኗም ነጭ ተድበስብሷል። ኦቦ ቶላ መነጽሩን አውልቆ፣ አጥቦ፣ መልሶ አደረገ። "ያ ዋቃ! የአምላክ ያለህ! እኔ እንኳን ጥርስ ስነቅል አንድ በአንድ ነበር! የሰው ልጅ በድዷ ልትዳር ነው?" አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ያ ነገር የተሠራው ለከለር ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የደመቀውን ሁሉ ቆሻሻ ይመስለዋል። አጥፍቼው ደግሜ ሳነበው ሙሽሪት ከነሙሉ ጥርሷ ብቅ አለች። እንዴት ያለ ሳቅ ነበራት! ያን ቀን ሁለታችንም ከሥራው ይልቅ በመሳቅ ዋልን።

ሥራውን ለምን እንደጀመርኩት ልንገራችሁ። ልጄ ትርሲት አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እናቷ ባረፈች በዓመቱ መጥታ እንባዋ ቅርር እያለ "አባዬ፣ እዚህ ብቻህን ምን ታደርጋለህ? አብረኸኝ ኑር፤ ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ልቤ እሺ አላለም። ቤቷ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ሰንበት አድሬበት ደረጃ ላይ ያገኘሁት ሰው ሰላም ስለው ኮቴውን ፈጠን አድርጎ አለፈኝ። እምቢ እንዳልላት ደግሞ የአልጋነሽን ዓይን ይዛ ታየኛለች። "ይህን ሁሉ ፊልም ለማን ጥዬ? ስካን አድርጌ ልጨርሰውና እመጣለሁ" አልኳት። "ማልልኝ።" "በእናትሽ ነፍስ!" "እንግዲያው በጨረስክ ማግስት መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ያኔ ሰበብ የለም" አለች። ተስማማን። እንግዲህ ፊልሙ ሲያልቅ አምቦም ያልቃል ማለት ነው።

ሶፍትዌሩ ላይ አንድ ምርጫ አለ። አንዷን ምስል አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ማለፍ ይቻላል፤ ከተፈለገ ደግሞ እስከ አስራ ስድስት ጊዜ እየደጋገመ ያነባታል። ሲደጋግም ጥላ ውስጥ የተደበቀው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጊዜው ግን ጉድ ነው። ሻይ አፍልተው፣ ጠጥተው፣ ብርጭቆውን አጥበው ሲመለሱ ንባቡ የት እንደደረሰ የምታመለክተው መስመር ገና እየዳኸች ናት። የላቡ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማር፣ አስራ ስድስቱን የሚነካው ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ሲታዘዝ ብቻ ነበር። እኔ የጉርድ ፎቶውንም፣ የተንጋደደውንም፣ ዓይኑን የጨፈነውንም ሁሉ በአስራ ስድስት አነበብኩት። መብራት ከጠፋማ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ አምቦ ደግሞ መብራት መጥፋት አያውቅም አይባልም። ሌላው ሰው መብራት ሲጠፋ ይራገማል፣ እኔ ሻማዬን አብርቼ ደስ ይለኛል። ትርሲት እሑድ እሑድ ስትደውል "ስንት ቀረህ አባዬ?" ትላለች፤ እኔም "ኧረ ገና ነው ልጄ፣ ማሽኑ ያረጀ ነው፣ ቀርፋፋ ነው" እላለሁ። ማሽኑ ቀርፋፋ አልነበረም። ከዚያ ወለደች፤ ከዚያ ሁለተኛ ወለደች፤ ጥያቄዋ በየእሑዱ መሆኑ ቀርቶ አልፎ አልፎ ሆነ፣ በመጨረሻም ከናካቴው ቀረ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ከኦቦ ቶላ ጋር የነበረን ቀን እንዲህ ነበር። እሱ ወንበሩን ይስባል፣ ምስሉ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እኔ "ይሄስ?" እላለሁ። ሰውዬው በሕይወት ካለ ኦቦ ቶላ "ጂራ" ይላል፤ አለ ማለቱ ነው። ከሌለ "ሂንጂሩ" ይልና ይተክዛል፤ ቀጥሎ በምን እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው፣ ምን ያህል መርፌ እንደወጋው ይተርካል። መጀመሪያ ላይ ጂራው ይበዛ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ሂንጂሩ በዛ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ጂራ ሳንል የዋልንበትም ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ የሞተ አባቷን ፎቶ የምትፈልግ ሴት ከእጃጂ መጣች። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ስናገላብጥ ውለን አገኘነው፤ በዚያ ኮት ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሴትዮዋ የኮምፒውተሩን መስታወት በጣቷ እየዳበሰች "አባቴ ኮት ነበረው እንዴ?" አለችኝ። ኦቦ ቶላ አየኝ። "ነበረው እንጂ! እንዴት ያለ ኮት!" አልኳት። የራሱ የኦቦ ቶላ ጎረምሳ ሳለ የተነሳው ምስል ሲወጣም እንዲሁ ኮቱ ውስጥ ነበር፤ "እኔ መቆንጠጫ አላስፈለገኝም፣ ትከሻ ነበረኝ" ብሎ ሞገተኝ። አስፈልጎት ነበር። አልነገርኩትም።

ከዚያ ኔትወርክ የጠፋበት ጊዜ መጣ። መቼ ነው፣ ለምን ነው የሚለውን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የማውቀው አንድ ጠዋት ስልኬን ሳነሳ ዝም ማለቷን ነው። ሰው ሁሉ ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያለ ወር አለፈ፣ ሌላም ተደገመ። መንገዱም አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። የትርሲት እሑድ ቀረብኝ። በዚያው ሰሞን ኦቦ ቶላ ስኳሩ ጠንቶበት ሁለት ቀን ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አካም ቡልቴ የሚለኝ አጣሁ። ሚስቱ ጫልቱ ጮኸች፤ ሮጬ ስደርስ አልቋል። ሁለቱም ወንዶች ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው። በምን ይነገራቸው? ለአንድ የአውቶብስ ሾፌር ስማቸውንና ሰፈራቸውን ነግረን ላክነው። ጠበቅን፤ የሚመጣ ጠፋ። አስከሬን ስንት ቀን ይቀመጣል? ቀበርነው። ትልቁን ፎቶ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ በሬሳ ሣጥኑ ፊት የያዝኩትም እኔ ነኝ፤ ልጅ መያዝ የሚገባውን።

ልጆቹ የደረሱት ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል ነው። ትልቁ ልጅ ፎቶው ፊት ቆሞ አላለቀሰም። ወደ እኔ ዞሮ "ጋሼ፣ የተቀበረው ቅዳሜ ነው?" አለኝ። "ቅዳሜ ነው ልጄ።" "ቅዳሜ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ሚዜ ነበርኩ። ስጨፍር ነው የዋልኩት፣ ጋሼ። አባቴን አፈር ሲያለብሱት እኔ ስጨፍር ነበር" አለና እዚያው ሳር ላይ ዘጭ አለ። ኡኡታውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። እኔስ? እኔ ዛሬ ብሞት ማን ሾፌር ይልክልኛል? ትርሲት ምን ስታደርግ ትውል ይሆን? ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ኮንዶሚኒየሙ፣ አራተኛው ፎቅ፣ ያ ሰላምታ የማይመልሰው ሰውዬ ሁሉ ናፈቀኝ።

በማግስቱ ማሽኑን አበራሁ፤ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ጠበቅኩ፤ ኮምፒውተሩን አበራሁና አስራ ስድስት የሚለውን ወደ አንድ ቀየርኩት። ወይ ፍጥነት! ምስሉ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል እንጂ ይወጣል። እነዚያ በቀን ጥቂት ጥቂት ሳወጣቸው የነበሩ ፊቶች እንደ ገበያ ሰው ይጎርፉ ጀመር። ማን ይሆን ብሎ መጠየቅ የለም፤ ጂራ የለም፣ ሂንጂሩ የለም። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሻዩን የማፈላው ለአንድ ሰው ነው። የወንጪ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ፍል ውሃው መዋኛ ዳር ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው የተነሱ የአዲስ አበባ እንግዶች፣ ሙሽሮች፣ ዲያቆናት፣ ሁሉም ሳላነጋግራቸው አለፉ። ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ መንገድ ወጥቶ "ሀሎ! ሀሎ!" ይል ነበር፤ ትርሲትም "አባዬ አለህ? አለህ?" እያለች አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ፊልሙ ሊያልቅ መሆኑን ግን አልነገርኳትም። ሁለት ቆርቆሮ ቀርቶኝ ነበር፤ ሙሉውን ጨርሼ ባስደንቃትስ ብዬ ነው።

የመጨረሻዋ ምስል ሰው እንኳ አይደለችም። አንድ የጌዶ ገበሬ በሬዬን ካላነሳህልኝ ብሎ በር ላይ አስነስቶኝ ነበር፤ ያ በሬ ነው። ማሽኑን አጥፍቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ፀጉሬን ተስተካከልኩ። ልብሶቼን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ዶሮዎቹን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጠሁ፤ ድስቱን፣ ሰሃኑንና ምድጃውን ጫልቱ በጋሪ አስጭና ወሰደች፤ "እንግዲህ አንተም ሄድክብን" ብላ መሬት መሬት እያየች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ባዶ ቤት ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ።

"ሀሎ አባዬ! ደህና ነህ? ቆየኝማ፣ አንተ ልጅ ውረድ ከዚያ ላይ ብዬሃለሁ! እሺ አባዬ፣ እየሰማሁህ ነው።"

"ትርሲትዬ፣ ጨረስኩ እኮ" አልኳት።

"ምኑን?"

አሁን ቃላችን ትዝ ይላትና እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ከወዲያ የልጆች ጫጫታ፣ የቴሌቪዥን ድምፅ፣ የሚንኳኳ በር ይሰማኛል።

"ሀሎ? አባዬ፣ ኔትወርኩ ነው መሰለኝ። ምኑን ነው የጨረስከው?"

"ምሳዬን" አልኳት።

"ጎሽ የኔ አባት! እንዲህ ነው እንጂ። እኔ እኮ ሁልጊዜ የምፈራው ሳትበላ እንዳትውል ነው።"